እንደተጻፈው፣ እስከ መጨረሻው

ጋሽ አሰግድ ያረፉ ዕለት የአጃ ሾርባ ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ጠያቂ ወደ ውስጥ አይገባም ነበርና ዘበኛው የበሽተኛውን ስም ጠይቆኝ ደወለ። ትንሽ አዳመጠ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ዓይኔን ሳያይ «ማማ፣ ሾርባውን ይዘሽው ተመለሺ» አለኝ። 

ሁለተኛው የኮሮና እገዳ ነበር። ካምፓላ ውስጥ ታክሲም፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌትም ሰው አይጭንም። ሰፈሬ ማኪንድዬ የሚያደርሰውን ዳገት በእግሬ ስወጣ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩትም በእሳቸው ነው። በሞተ ሰው መናደድ ኃጢአት ይሁን አይሁን የነፍስ አባቴን ጠይቄ አላውቅም። የልጄን ነገር ጀምረው ሳይጨርሱት ሄዱ። ለሌላው ሁሉ «ጨርስ፣ ጨርሺ» ሲሉ የኖሩ ሰው።

«ጨርሺ» የሳቸው ቃል ነበር። እኔ ንግግር አይሆንልኝም። ነገር እጀምርና የቀረውን ሰው ራሱ ይረዳዋል ብዬ እተወዋለሁ። ሌላው ሰው ለምዶኛል፤ ጋሽ አሰግድ ግን አንድም ቀን አላለፉኝም። «ዛሬ ሽሮው ትንሽ…» ካልኩ የያዙትን ጉርሻ አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ጨርሺዋ፣ የሶስና እናት። ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ጨው በዝቶበታል።»

«እህ፣ አሁን ገባኝ» ብለው መብላት ይጀምራሉ። ጨው መብዛቱን ቀድመው እንደቀመሱት ሁለታችንም እናውቃለን።

ክላርኔት ነፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው አገር ቤት በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ አገልግለዋል። መንግሥት ሲለወጥ በኬንያ በኩል ወጥተው ካምፓላ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ በየሆቴሉና በየሠርጉ ሲነፉ ኖሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ረቡዕና ዓርብ ከትንሿ ምግብ ቤቴ አይቀሩም፤ ሌላውን ቀን መንገድ ዳር ሮሌክስ፣ ያችን ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የምትጠቀለል እንቁላል፣ ገዝተው እየበሉ ይሄዳሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ግን አይገቡም። በጥቁር የሆቴል ሱፋቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ከግቢው ዛፍ ሥር ይቆማሉ። ለምን እንደማይገቡ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሰው ሲያስጨፍሩ አድረው በዚያው እግራቸው እንደማይገቡ ነገሩኝ። መዝሙር ሲጀመር ግን ጣቶቻቸው በነጠላው ጥለት ላይ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የማይሰማ ክላርኔት ይነፉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የክላርኔት ድምፅ የሚወጣው አፉ ላይ ከሚታሰረው ቀጭን ሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆው ከመነፋቱ በፊት በምራቅ መራስ አለበት። ጋሽ አሰግድ ክርክር ሲበዛባቸው ሸምበቆውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ በኋላ መልስ የለም። የሆቴል ሥራ አስኪያጆች ያችን ሸምበቆ ያውቋታል። እኔም አወቅኋት።

በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ሶስና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤቷ ኖታ ተምራ ነበርና ቤት ስትውል መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ አልወደድኩትም። ልጄ ዘፈን ጻፈች ብዬ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ጸሎቷን ትታለች?» አሉኝ። አልተወችም። «እንግዲያውስ ምን አስጨነቀሽ?» አሉኝ። ተመስገን አልኩና ተውኳት።

በዚያው ዓመት አንድ የሙዚቃ ማኅበር ለወጣት ደራሲዎች ውድድር አወጣ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ለክላርኔት፣ ለቫዮሊን፣ ትልቅ ቫዮሊን ለሚመስለው ቼሎና ለከበሮ አንድ ሙዚቃ ይጽፋሉ፤ ያሸነፈው ልጅ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ በነፃ ይማራል። ለሶስና ሌላ መንገድ አልነበራትም። ከሽሮ የሚተርፈው ለሙዚቃ ትምህርት አይበቃም።

ልጆቹ የጻፉትን የሚጫወቱት ባለሙያዎች ነበሩ። ሆቴሎቹ ተዘግተው ሥራ ስላልነበራቸው ጊዜያቸውን ለልጆቹ ሰጡ። ክላርኔቱ የጋሽ አሰግድ ነው። ቫዮሊኑን ናካቶ የምትባል፣ ሳትስቅ የምትቀልድ ሴት ትይዘዋለች። የቼሎውና የከበሮው ሰዎች የሠርግ ባንድ ጓደኞቻቸው ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት ጋሽ አሰግድ ሁለት ነገር አስማሏቸው፤ የልጆቹን ሥራ እንደተጻፈው እንዲጫወቱት፣ እስከ መጨረሻውም እንዲጫወቱት። እኔ ይህን ስሰማ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር።

አዳራሽ ስለተከለከለ ለመጀመሪያው ሙከራ ካትዌ ሰፈር ውስጥ በከበሮው ተጫዋች ወንድም የብየዳ ግቢ ተሰበሰብን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ብየዳ የለም። በሮችና የአልጋ ብረቶች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ወላጆች በጎማ ላይ፣ በበርሜል ላይ ተቀመጥን፤ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነናል። የሶስና ተራ ሲደርስ ወረቀቶቹን ለአራቱ አደለች። የሙዚቃዋ ስም «ቁልቁለት» ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የማኪንድዬ ልጆች ጄሪካን ይዘው የሚወርዱበትን መንገድ አስባ ነው የጻፈችው። የተጻፈ ኖታ በሚያጫውት ስልኳ ደጋግማ አሰምታኛለች። ስለ ሙዚቃ ባላውቅም ያምር ነበር።

ጋሽ አሰግድ ወረቀቱን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሶስናን አይተው ሸምበቆውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

የሆነውን በኋላ ነው የተረዳሁት። ክላርኔት ወረቀቱ ላይ ካለው አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚሰማ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የሚጽፍለት ሰው አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ መጻፍ አለበት። ሶስና ይህን አታውቅም፤ ስልኩም አልነገራትም። ልምድ ያለው ነፊ ስህተቱን ባየ ጊዜ በልቡ አርሞ፣ ከፍ አድርጎ ሊነፋው ይችላል፤ ማንም አያውቅም። ጋሽ አሰግድ ይህን በእንቅልፍ ልባቸውም ያደርጉታል።

እንደተጻፈው ነፉት።

ሦስቱ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ ክላርኔቱ ጎን ጎናቸውን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ጥርስ ያማል። አንድ አባት ጆሮውን ያዘ፤ ከልጆቹ የሳቁ ነበሩ። የሶስና ፊት ጠቆረ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ተነሥቼ በአማርኛ «ጋሼ፣ ይበቃል» አልኳቸው። ሰምተውኛል፤ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሯል። ግን ነፉ። ናካቶም፣ ቼሎውም፣ ከበሮውም አልቆሙም። እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ከዚያ ጋሽ አሰግድ ተነሥተው ለሶስና አጎንብሰው እጅ ነሧት፣ ለአንድ ትልቅ ደራሲ እንደሚደረገው። ያ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ረቡዕ እንደ ልማዳቸው መጡ። ሽሮውን አምጥቼ ሳልናገር አስቀመጥኩላቸው። ዓርብም እንዲሁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሳህኑን ሳነሳ «የሶስና እናት፣ እስቲ ጀምሪው» አሉኝ።

«ልጄን በሰው ፊት…»

«ጨርሺ።»

«በሰው ፊት አዋረዷት። እያወቁ። ሊያርሙላት ሲችሉ። እግዚአብሔር ይይልዎ።»

ሸምበቆውን ያወጣሉ ብዬ ነበር፤ አላወጡም። ውሃ ጠጡና በእሷ ዕድሜ እሳቸውም ማርሽ፣ የሰልፍ ሙዚቃ፣ ጽፈው እንደነበር ነገሩኝ። ያኔ የባንዱ ከበሮ መቺ ነበሩ እንጂ ክላርኔት አልጀመሩም። የጻፉትም በዚያው በሶስና ስህተት ነበር። ጓደኞቻቸው ስህተቱን አይተዋል፤ ግን ይወዷቸው ነበር፣ አለቃውም ፊታቸው ተቀምጧል። ክላርኔት ነፊዎቹ ሳይናገሩ በልባቸው አርመው ነፉላቸው። አለቃው አደነቀ። ውጭ አገር ሄደው ሙዚቃ የሚማሩ ወጣቶች ሊመረጡ ነበርና ማርሹን አስይዞ ወደ ዋናው ከተማ ላካቸው። እዚያ የማያውቋቸው ሰዎች እንደተጻፈው ጀመሩት። ጥቂት እንደሄዱም ሳቁና አቆሙ፤ ወረቀቱንም መለሱላቸው።

«የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የነገረኝ የለም» አሉ። «በኋላ በቁጭት ክላርኔት ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም መስመር አልጻፍኩም። ጓደኞቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ የሶስና እናት። ወደውኝ ነው።»

«ማርሹስ?»

«በክላርኔቴ ሣጥን ውስጥ አለ። እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።»

 ሳህናቸውን ወስጄ ጨመርኩላቸው።

ሶስና ለጥቂት ጊዜ አኮረፈች። አንድ ቀን ግን ወረቀቷን ይዛ ሄደችባቸው፣ ለምን እንዳልነገሯት ልትጠይቅ። የነገሯትን አላውቅም። ስትመለስ የክላርኔቱን መስመር እንደገና መጻፍ ጀመረች። የክላርኔቱን ብቻም አይደለም፤ ግቢው ውስጥ እስከ መጨረሻው ስትሰማው ቼሎው መሐል ላይ ያለ ሥራ መቀመጡንም አይታ ነበር። ያንን ማንም አልነገራትም።

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ እዚያው ካትዌ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰብን። ሊጀምሩ ሲሉ የክላርኔቱ ቁልፍ አልመለስ አለ፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተሰብራለች። ጋሽ አሰግድ ዞረው «የስፌት መርፌ ያለው አለ?» አሉ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ አንዲት መርፌ እሰካለሁ። ሰጠኋቸው። የግቢው ባለቤት በጉጠት ቆርጦ አስገባት፤ ቁልፉም ተመለሰ። ናካቶ አየችኝና «ማማ ሶስና፣ አሁን አንቺም የባንዱ አባል ነሽ፤ ደሞዝ የለንም እንጂ» አለችኝ።

«ቁልቁለት»ን ተጫወቱት። ምን ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። የሳቀ አልነበረም። ጆሮውን ይዞ የነበረው አባት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ሶስና አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ጋሽ አሰግድ እንደገና እጅ ነሧት፣ እንደ ፊተኛው ጊዜ፣ ከዚያኛው አላስበለጡም። የፊተኛውም ማላገጫ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያናድዳል። ኮንሰርቱ ተቀጠረ፣ ተራዘመ። እንደገና ተቀጠረ፣ ሁለተኛው እገዳ መጣ። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ዕድሜን የሚቆጥረው በኮንሰርቱ ዕለት ነው። ቀኑ በተራዘመ ቁጥር ልጄ ወደ ዐሥራ ስምንት ትጠጋለች። ጋሽ አሰግድ ይህን ሲሰሙ ወደ አዘጋጆቹ ቢሮ ሄዱ። ዕድሜ መቆጠር ያለበት ሥራው በገባበት ቀን ነው፣ በሽታውን ልጆቹ አላመጡትም ብለው ተከራከሩ። እናስብበታለን አሏቸው። ተመልሰው ሄዱ። አሁንም እናስብበታለን። ምግብ ቤቴ ገብተው ወንበር ላይ ሲወድቁ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

«ቢተዉት ይሻላል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አልጨረስኩማ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ሳል ጀመራቸው። ሆስፒታል ሲገቡ አዘጋጆቹ ገና እያሰቡ ነበር።

ለቀብር የተፈቀደልን ጥቂት ሰዎች ነን። ዕንባ እንኳን በወጉ አልፈሰሰም፤ እየተራራቅን ቆመን፣ በጥድፊያ አልቆ ተበተንን። ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት አብልቻቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ከዛፉ ሥር አይቻቸው፣ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ቄሱ «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ጸለዩላቸው። ክላርኔቱን ከነሣጥኑ ናካቶ ወሰደችው።

ሶስና በዓመቱ መጨረሻ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። በሃያ ሃያ ሁለት መጀመሪያ አዳራሾች ተከፈቱ፣ ኮንሰርቱም ቀን ተቆረጠለት። አዘጋጆቹ አስበው ጨርሰው ነበር፤ ደንቡ ደንብ ነው፣ ሶስና መወዳደር አትችልም። ናካቶና ሁለቱ ባልደረቦቿ ግን ቢሮው ሄደው ለጋሽ አሰግድ መታሰቢያ ከውድድሩ ውጪ ጥቂት ደቂቃ ካልተሰጠ አንጫወትም አሉ። ተፈቀደላቸው። ናካቶ ቤታችን ድረስ መጥታ ያ ሰዓት የሶስና መሆኑን ነገረችን። «ቁልቁለት»ን ይጫወቱታል። ሽልማት የለውም፤ ግን ዳኞቹ ተቀምጠዋል፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሰዎችም ይመጣሉ። ማን ያውቃል? ናካቶ እንደሄደች ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

በማግስቱ ሶስና ናካቶ ዘንድ ሄዳ የጋሽ አሰግድን ማርሽ ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጣጠስ ደርሷል። ማታውን ለአራቱ መሣሪያ ስትገለብጠው አየሁ።

«ይኼ ደግሞ ለምንድነው?» አልኳት።

«በኔ ፈንታ እሱን ይጫወቱት ብያቸዋለሁ።»

 «ልጄ፣ አንቺ ያለሽ ይኼ ብቻ…»

«እኔ የኔን ሰምቻለሁ፣ እማ። ሁለት ጊዜ። እሳቸው የሳቸውን አልሰሙም።»

«አስተካክለሽላቸዋል?»

«አንድ ኖታ አልነካሁም።»

«ታዲያ ሰው ይስቅባቸው? ሞተዋል እኮ። አሁን ምን ይሰማሉ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም። «እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። «በየእሑዱ የምትጸልይላቸው አንቺ ነሽ።»

  ያን ሌሊት ተናድጄ ነው የተኛሁት። ልጄን እንዲህ ግትር ያደረጓት ማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

የኮንሰርቱ ዕለት ነጠላዬን ለብሼ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የጋሽ አሰግድን ክላርኔት የያዘው ከሌላ ባንድ የመጣ ወጣት ነው። ደግ ልጅ ነው፤ በልምምድ ላይ ስህተቱን አይቶ በልቡ አርሞ ቢነፋው ማንም እንደማያውቅ ለናካቶ ነግሯት ነበር። ናካቶ «እኛ እናውቃለን» ብላዋለች።

ውድድሩ አለቀ፣ መታሰቢያው ተጀመረ። ከበሮው ኮራ ብሎ ገባ፣ ቫዮሊኑና ቼሎው ተከተሉት። ቆንጆ ነበር፤ አንድ ወጣት ወታደር ጫማውን አሳምሮ ሲራመድ የሚታይ ይመስላል። ከዚያ ክላርኔቱ ገባ። አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉም ተጣልቶ። አዳራሹ ውስጥ ጭንቅላት ይዞር ጀመር። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሶስና መድረኩ ጥግ ቆማ ወረቀት ትገልጥላቸዋለች፤ ፊቷ አልተለወጠም።

ከጎኔ የተቀመጠው ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ ክላርኔት ነፊው ተመልሶ ትምህርት ቤት ቢገባ እንደሚሻለው ነገረኝ።

«እሱ አይደለም» አልኩት። «እሱ…»

እዚያ ላይ ልተወው ነበር፣ እንደ ልማዴ። ሰውዬው ይጠብቀኛል። ክላርኔቱም፣ ቁልፉ ውስጥ መርፌዬን ይዞ፣ ይነፋል።

«እሱ ትክክል ነው» አልኩት። «የተጻፈው እንዲህ ነው። የጻፈው ሰው ሞቷል፤ ወጣት እያለ ጽፎት፣ ሰዎች ስቀው አቋረጡት። እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም። እባክህ ዝም ብለህ እስኪያልቅ አብረኸኝ ስማ።»

በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሰውዬው ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ጀመር።

የመጨረሻውን ድምፅ ጋሽ አሰግድ ረጅም አድርገው ነበር የጻፉት። አራቱም እንደተጻፈው ረጅም አድርገው ያዙት፣ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ክላርኔቱ በሌላ ወገን፤ አንዳቸውም አላሳጠሩትም። ከዚያ አቆሙ፣ ተነሥተውም ማንም ወዳልተቀመጠበት ወንበር እጅ ነሡ። ካጨበጨቡት አንዱ ከጎኔ ያለው ሰውዬ ነበር።

የልጄን «ቁልቁለት» እስከ ዛሬ በአዳራሽ የሰማው የለም። ይህ አሁንም ያበግነኛል፤ አልዋሽም። በማግስቱ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ወደ ውስጥ ሳልገባ ጋሽ አሰግድ ይቆሙበት ከነበረው ዛፍ ሥር ቆምኩ።